በጾም መሐል የመጣ የሰው አገር ገና

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣

ከደብረ ብርሃን መጥቼ ድሬስደን የገባሁት በመስከረም መጨረሻ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ጀምሬአለሁ፤ ትምህርቱስ ደህና ነው። ነገር ግን በታኅሣሥ አጋማሽ ማደሪያችን ባዶ እንደሚሆን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ወጥ ቤት የምንጋራ ጀርመናዊት ልጅ የእነርሱን ገና ከድሬስደን በስተ ደቡብ፣ በኤርዝገቢርገ ተራሮች ውስጥ በሚገኘው የወላጆቿ ቤት እንዳሳልፍ ጋብዛኛለች። እኔ ግን የነቢያትን ጾም ስለምጾም «አስብበታለሁ» ብያት ዝም አልሁ። እናቴ ስትጠይቀኝ ከሐበሻ ልጆች ጋር እንደማሳልፍ ነገርኋት፤ እዚህ ግን የምቀርበው አንድም ሐበሻ የለም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የበዓሉን በግ መግዣ እንድልክለት ይጠብቃል። የእኛ ገና በሚውልበት ቀን ላቦራቶሪ አለኝ። ምን ይሻለኛል?

ሆድ የባሳት፣ ከድሬስደን

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ችግሮችን የደረደርሽ መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው ግን አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ የሚነሡ ሆነው አገኘኋቸው። ለጋባዥሽ ጾምሽን አልነገርሻትም፤ ለእናትሽ ብቻሽን መሆንሽን አልነገርሻቸውም፤ ለወንድምሽም የገንዘብሽን ልክ አልነገርሽውም። ሁሉንም ሆድ ይፍጀው ብለሽ ይዘሽዋል። በአስተዳደጋችን ይህ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ነገር ግን ፊትሽን አይቶ «ምን ሆነሻል?» የሚል ጎረቤት በሌለበት አገር፣ ያልተናገርሽውን የሚያውቅልሽ ሰው አይኖርም። ስለዚህ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ለሦስቱም ሰዎች እውነቱን እንድትነግሪያቸው እመክርሻለሁ። አነጋገሩ ለየሰዉ ስለሚለያይ በየተራው ልሂድበት።

ቀን የተቆረጠለት ነገር ስለሆነ በግብዣው ልጀምር። ጀርመኖች ገናን ከሁሉ በላይ የሚያከብሩት በዋዜማው፣ ዲሴምበር 24 ማታ ነው፤ ይህ ቀን ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ 15 ረቡዕ ይውላል። ተከታዮቹ ሁለት ቀናትም የሕዝብ በዓላት ናቸው። ያ ምሽት በልማዳቸው የቅርብ ቤተሰብ ምሽት ስለሆነ ይህች ልጅ አንቺን ወደ ወላጆቿ ቤት ስትጠራ ቀላል ነገር አላደረገችም። «አስብበታለሁ» ማለት በእኛ ዘንድ ሰው ላለማስቀየም የሚባል የእምቢታ ቃል ሊሆን ይችላል። እርሷ ግን በእውነት እያሰብሽበት መስሏት መልስሽን እየጠበቀች ይሆናል፤ እናቷም ለስንት ሰው እንደሚያዘጋጁ ማወቅ ይኖርባቸዋል። እኔ ብሆን እሄዳለሁ፤ አንቺም እንድትሄጂ እፈልጋለሁ።

ጾሙ የሚያስቸግርሽ ከደበቅሽው ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ገብቶ የሚፈታው በእኛ ገና ስለሆነ የእነርሱ በዓል በጾማችን መሐል ይወድቃል። ሳትነግሪያቸው ብትሄጂ ለዋዜማው ቋሊማና የድንች ሰላጣ፣ በማግሥቱ ደግሞ የዝይ ጥብስ ሊቀርብልሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንቺ ወይ ጾምሽን ትሽሪያለሽ ወይም ሳህኑን እየነካካሽ ታመሻለሽ፣ ባለቤቶቹም ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ ይሳቀቃሉ። አስቀድመሽ «እስከ ጃንዋሪ 6 ድረስ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ጾም ነው» ካልሻት ግን ነገሩ የገበያ ዝርዝር ብቻ ይሆናል። ቪጋን፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ የማይበላ፣ የሚለውን ቃል ብትጨምሪበት ወዲያው ይገባቸዋል፤ የጀርመን ሱፐርማርኬቶች ለቪጋን የሚሆን ምግብ በስፋት ይሸጣሉ። ቃሉ የእምነቱን ነገር እንደማይገልጽ አውቃለሁ፤ ለወጥ ቤት ግን ይበቃል። ቀዩ ጥቅል ጎመን ብዙ ጊዜ በዝይ ወይም በአሳማ ስብ ስለሚሠራ በዘይት እንዲሠሩልሽ ለይተሽ ንገሪያት። ግራ የሚያጋባሽ ነገር ካለ ደግሞ ከንስሐ አባትሽ ጋር ከመሄድሽ በፊት ተነጋገሪ።

የምትኖሪባት ከተማ ስለ ጾም የራሷ ታሪክ እንዳላት ብነግርሽ ደስ ይለኛል። በየገበያው የምታዪው የድሬስደን ሽቶለን፣ ዛሬ በቅቤና በዘቢብ የበለጸገው የገና ዳቦ፣ በጥንት ዘመን የጾም ዳቦ ነበር። ከገና በፊት ያሉት ሳምንታት ለእነርሱም ጾም ስለነበሩ ጋጋሪዎቹ ቅቤ አይፈቀድላቸውም፤ በዱቄት፣ በውኃና በዘይት ይጋግሩት ነበር። ድሬስደን ያለችበት የሳክሶኒ ግዛት መሳፍንት ወደ ሮም አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ ነው በ1491፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ ቅቤ እንዲገባበት የፈቀዱት፤ ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» እየተባለ ይጠራል። ሽቶለኑ ተቆርሶ ሲዞርና አንቺ ስታልፊው ይህንኑ ብታነሺላቸው፣ ጾምሽ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ልማድ ሳይሆን አያቶቻቸው ያውቁት የነበረ ነገር ሆኖ ይታያቸዋል።

ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ። ለአንቺ ከቡና የተሻለ ስጦታ የለም፤ የይርጋ ጨፌ ወይም የሲዳማ ቡና እዚያው ከተማሽ ውስጥ ታገኛለሽ፤ ጀበና ካለሽ ይዘሽ ሄደሽ በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ብታፈዪላቸው ከተቀባይነት ወጥተሽ ሰጪም ትሆኛለሽ። በበዓሉ ቀናት የገጠር አውቶቡስ እጅግ ስለሚቀንስ በየትኛው ቀንና በምን እንደምትመለሺም ቀድመሽ ጠይቂ። ከመሄድሽ በፊት ለማደሪያሽ የሚሆነውን ምግብ ግዢ፤ ሱቆች 24 ቀን ከቀትር በኋላ ይዘጋሉ፣ 25 እና 26 ጭራሽ አይከፈቱም፣ 27 ቅዳሜ ከፍተው እሑድ እንደገና ይዘጋሉ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እዚህ ላይ «እናት አይጨነቁ፤ ደህና ነኝ በያቸው» የሚሉ ብዙ መካሪዎች ይኖሩሻል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የተናገርሽው ውሸት ትንሽና በፍቅር የተነገረ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ያ ውሸት ቀለብ ይፈልጋል። እናትሽ የልጆቹን ስም ይጠይቃሉ፤ ከየት እንደመጡ፣ ማን ዶሮ እንደሚሠራ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ በበዓሉም ቀን «እስቲ አሳዪኝና ሰላም ልበላቸው» ይላሉ። ያን ጊዜ ወይ ሌላ ውሸት ትፈጥሪያለሽ ወይም ስልኩን አታነሺም። እኔ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን የሰው አገር ገና ያሳለፍሁት ሁለተኛውን መንገድ መርጬ ነው። ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ፈርቼ ስልኩ እየጠራ ዝም ብዬ ዋልሁ። እናቴ ያን ቀን ድፎዋን ሳትቆርስ እንደዋለች የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከእኅቴ ነው። ላላስጨንቃት ብዬ ያደረግሁት ነገር ከየትኛውም እውነት የበለጠ አስጨንቋት ነበር። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ በአንቺም እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለዚህ በበዓሉ ቀን ሳይሆን በመጪው ቅዳሜ፣ እናትሽ ብቻቸውን በሚሆኑበት ሰዓት ደውይላቸው። በክረምት ወራት የኢትዮጵያ ሰዓት ከጀርመን በሁለት ሰዓት ስለሚቀድም ማለዳ ብትደውዪ እርሳቸው ቤታቸውን ጨርሰው ትደርሺባቸዋለሽ። ብቸኝነቱን ለብቻው አታስታቅፊያቸው፤ ያሰብሽውንም አብረሽ ንገሪያቸው። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፤ «እማዬ፣ ከሐበሻ ልጆች ጋር ነው ያልሁሽ እንዳታስቢ ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እስካሁን የምቀርበው ሰው አላገኘሁም። የፈረንጆቹን ገና ጎረቤቴ ቤት ልሄድ ነው፤ እንደምጾም ነግሬያታለሁ። ለእኛ ገና ግን ዶሮ ልሠራ አስቤአለሁ፤ አሠራሩን አንቺ በስልክ ታሳዪኛለሽ።» ሊያለቅሱ ይችላሉ። ቢያለቅሱ ለማባበል አትቸኩዪ፤ «የለም፣ ደህና ነኝ» ብለሽ የተናገርሽውን እውነት መልሰሽ አትዋጪው። የሚያለቅሱት እውነቱን ስላወቁ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁሽ ጥያቄ ሁሉ የምትመልሽው ጥያቄ ይሆናል።

«የምቀርበው ሐበሻ የለም» ያልሽው ደግሞ እንዲሁ እንዳይቀር ቀን ልጠቁምሽ። የታኅሣሥ ገብርኤል ዘንድሮ እሑድ ይውላል፤ በእነርሱ ዲሴምበር 28 ነው። በጀርመን በበርሊን፣ በፍራንክፈርት፣ በኮሎኝና በሙኒክ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ለአንቺ የምትቀርብሽ በርሊን ናት። የሴሚስተር ትኬትሽ ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው ከሆነ በፈጣኖቹ ባቡሮች ባይሆንም በክልል ባቡሮች ተጨማሪ ሳትከፍዪ ትደርሻለሽ፤ ጉዞው ረዘም ይላልና ሌሊት መነሣት ወይም ቅዳሜ ሄዶ ማደር ያስፈልግ ይሆናል። ቅዳሴው በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ቀድመሽ ደውለሽ አረጋግጪ። ዋናው ነገር ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሰዎች ጠበል ጸዲቅ ሲቀማመሱና ቡና ሲጠጡ ነጠላሽን አጣጥፈሽ ወደ ባቡሩ አትሩጪ። ቁጭ በዪ፤ ከደብረ ብርሃን መምጣትሽን ተናገሪ። የአገር ልጅ ስም ሲጠራ ቀና የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። በአንድ እሑድ ወዳጅ አይገኝም፤ የአንድ እናት ስልክ ቁጥር ይዘሽ ብትመለሺ ግን መንገዱ አላከሰረሽም።

ስለ ወንድምሽ ባጭሩ ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ማሰብ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ለቪዛሽ በብሎክድ አካውንት የተያዘው ገንዘብ በዓመት 11,904 ዩሮ ከሆነ በየወሩ የሚለቀቅልሽ 992 ዩሮ ነው፤ ከእርሱ ላይ የቤት ኪራይና የጤና መድኅን ከተነሣ የሚቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ወንድምሽ ግን ይህን አያውቅም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዩሮ ሲመነዘር የሚያወጣው ብር ስለበዛ፣ ጥቂት መቶ ዩሮ ለእርሱ ብዙ ገንዘብ፣ ለአንቺ ደግሞ የቤት ኪራይ ነው። እርሱ የበጉን ዋጋ ከመጥራቱ በፊት አንቺ የምትችዪውን ልክ ጥሪ፤ «ዘንድሮ በግ አልችልም፤ ለዶሮ የሚሆን ግን እልካለሁ» በዪው። ምንም የማትችዪም ከሆነ ይህንኑ ንገሪው እንጂ ተበድረሽ አትላኪ። በእረፍቱ ሳምንታት ሠርቼ ልሙላው ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ የሥራ ፈቃድሽን ልክ አስቢ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ብቻ ነው መሥራት የሚችለው፤ ይህን ማለፍ የመኖሪያ ፈቃድሽን አደጋ ላይ ይጥላል።

እንቅልፍ አጥቻለሁ ያልሽው በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፈው፤ እኔ ግን ልለፈው አልቻልሁም። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንሽ ብርድ አያስፈራሽም፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ፀሐይ አለው። በድሬስደን በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ሲሆን የምትጠልቀው 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ሰማዩ ዳምኖ ከዋለ እርሷንም አታያትም። ከምድር ወገብ አጠገብ ለተወለደ ሰውነት ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ እንቅልፍ ይዛባል፣ ኃይል ያንሳል፣ ሆድም ያለ ምክንያት ይብሳል። የሚሰማሽ ሁሉ የባሕርይሽ ድክመት እንዳይመስልሽ። ቀን በቀን፣ ቢደምንም እንኳ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ወጥተሽ ተራመጂ። የጋባዥሽ ወላጆች የሚኖሩባቸው ተራሮች ድሮ የማዕድን ቆፋሪዎች አገር ነበሩ፤ እዚያ በየመስኮቱ ቅስት የመሰለ የሻማ መብራት የማኖር ልማድ አለ፤ በጨለማ ወደ ጉድጓድ ወርደው በጨለማ የሚወጡት ሰዎች ብርሃን ከመናፈቃቸው ጋር እያያያዙም ያወሩታል። ታኅሣሥን በጨለማ ብቻ እንዳታስቢው ያን አገር ብታዪው እወድዳለሁ።

እንቅልፍ ማጣቱና ሆድ መባሱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ምግብ ከዘጋሽ ወይም ከአልጋ መውረድ ከከበደሽ ግን እግር መንገድ ብቻውን አይበቃም። የተማሪዎቹን ማደሪያና ካፍቴሪያ የሚያስተዳድረው ሽቱደንተንቬርክ ለተማሪዎች ነጻ የሥነ ልቦና ምክር ይሰጣል፤ እረፍቱ ከመጀመሩ በፊት ቀጠሮ ያዢ። በበዓሉ ቀናት ሌሊት ቢጨንቅሽ በ0800 1110111 ብትደውዪ በነጻ፣ ቀንና ሌሊት፣ ስምሽን ሳትናገሪ በጀርመንኛ የሚያነጋግርሽ ሰው ታገኛለሽ። በዚህ ማፈር የለም። ለጥርስ ሕመም ሐኪም ቤት ሄደሽ የማታፍሪውን ያህል ለዚህም አትፈሪ፤ የንስሐ አባትሽን ማነጋገርም ሐኪምን አይከለክልም፣ ሐኪምም ንስሐ አባትን አይከለክልም።

አሁን ወደ ራሳችን ገና እንምጣ። ታኅሣሥ 29 ዘንድሮ ረቡዕ ነው፤ ገና ስለሆነ ጾም የለበትም። በሳክሶኒ ያ ቀን ተራ የትምህርት ቀን በመሆኑ ላቦራቶሪሽን አስቀድመሽ ከሌላ ቡድን ጋር መለዋወጥ ይቻል እንደሆነ ለኃላፊው በኢሜይል ጠይቂ፤ ምክንያቱንም በግልጽ ጻፊ። ካልተቻለ ላቦራቶሪሽን ሠርተሽ ማታ ታከብሪዋለሽ፤ በዓሉን አያጎድለውም። የሚያጎድለው ሳትዘጋጂ ሲመጣብሽ ነው። ደብረ ብርሃን እያለሽ በዓሉ በራሱ የሚመጣ ይመስልሽ የነበረው፣ ሽንኩርቱን የሚልጥ፣ ቄጠማውን የሚጎዘጉዝና ጠላውን የሚጠምቅ ሌላ ሰው ስለነበረ ነው። ዘንድሮ ያ ሰው አንቺ ነሽ።

ዶሮውንና ቅመሙን ሰኞ ግዢ፤ በርበሬና ቂቤ ከቤት ካልያዝሽ በበርሊን ባገኘሻቸው ሰዎች በኩል አስመጪ። ዋዜማው ማክሰኞ ማታ ከትምህርት እንደተመለስሽ ሽንኩርቱን ጣዪና እናትሽን በምስል ጥሪ። ጾመኛ ስለሆንሽ መቅመስ አትችዪም፤ እርሳቸውም በየዓመቱ ሳይቀምሱ ነው የሚሠሩት፤ የሽንኩርቱን መልክ፣ ዘይቱ ሲለይና ቁሌቱ ሲበስል በዓይን ብቻ አይተው «አሁን ዶሮውን ጨምሪ» ይሉሻል። ከዚያ በኋላ እርሳቸው ለሌሊቱ ቅዳሴ ነጠላቸውን ሲያነሡ አንቺም በስልክሽ ከላሊበላ የሚተላለፈውን የበዓሉን ሌሊት አገልግሎት ልትከታተዪ ትችያለሽ፤ በአገር ቤት እኩለ ሌሊት ሲሆን በድሬስደን ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

ረቡዕ ማታ ብቻሽን እንዳትበዪ። ጎረቤትሽ ያን ጊዜ ከወላጆቿ ቤት ተመልሳለች፤ እርሷ በገናዋ እንደጠራችሽ አንቺም በገናሽ ጥሪያት፤ ከላቦራቶሪ ቡድንሽም ከቤቱ የራቀ አንድ ሰው ጨምሪ። ጥሪውን አሁን፣ ከእረፍቱ በፊት ንገሪያቸው፤ ጃንዋሪ 7 ማታ ስንት ሰዓት እንደሆነም ለይተሽ ቀን አስይዣቸው። እንጀራ ካላገኘሽ በሩዝም ቢሆን ወጡ ዶሮ ወጥ ነው፤ እንቁላሉን ግን አታስቀሪው። ቡናውን ለመቁላት ካሰብሽ የማደሪያ ክፍሎች ጭስ ሲሸታቸው የሚጮኽ መሣሪያ ስላላቸው፣ በከንቱ የተጠራ የእሳት አደጋ መኪና ወጪውም ሊጠየቅብሽ ስለሚችል፣ የተቆላ ቡና ግዢ፤ ዕጣኑንም ከሕንፃው ውጪ ካልሆነ በቀር አታጭሺ። ቄጠማ በክረምት አይገኝም፤ የጥድ ቅርንጫፍ ግን የእነርሱ በዓል ሲያልፍ በየደጃፉ ተጥሎ ታገኛለሽ፤ ጥቂቱን ቆርጠሽ ወለሉ ላይ በትኚውና ለእናትሽ አሳዪያቸው።